«ሰላም ናት» ያሉኝ ቀን

ወልድያ፤ ሐሙስ፣ ጥር 14

ትናንት ጠዋት ወደ ኔትወርክ ሥልጠናዬ ከመግባቴ በፊት ግራና ከተማ ወዳለችው እናቴ ደውዬ ነበር። የእናቴን ስልክ ያነሱት አጎቴ ናቸው። «ሰላም ናት፤ ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች» አሉኝ። ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ከዚያ የተግባር ፈተናዬን ተፈተንኩ። ኬብሉን ገጠምኩ፣ ኮምፒውተሮቹን አገናኘሁ፣ አለፍኩ።

ዛሬ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። አጎቴ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ቆመዋል። በዚያ ሰዓት እንዲያ ሆኖ የሚመጣ ዘመድ ምን ይዞ እንደሚመጣ ነጋሪ አያሻኝም።

እናቴ የተቀበረችው ትናንት ከሰዓት ነው። እኔ ስደውል አስከሬኗ ገና ከቤት አልወጣም ነበር። ሚኒባስ ብይዝ እኮ እደርስ ነበር።

«አጎቴ፣ ለምን አልነገሩኝም?» ብዬ ጮህኩ።

«መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ፣ ልጄ? ደግሞ ፈተና አለብኝ ብለሽ ነበር።»

እሳቸው ላይ መፍረድ አቃተኝ። ሥልጠናው ላይ መጀመሪያ የተማርነው፣ ኔትወርክ ተቋርጦበት የደወለ ባለጉዳይ «አሁን ደህና ነው» ቢላችሁም ራሳችሁ ሳታረጋግጡ ስልኩን አትዝጉ የሚል ነው። እናቴ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ አታውቅም። ይህን ትናንትም አውቅ ነበር። ፈተናው እንዳይረፍድብኝ «እሺ፣ ሰላም በሉልኝ» ብዬ ዘጋሁት።