በኮት ቁልፍ ላይ የታሠረ ክር

ለተወደድሽው ታናሽ እኅቴ፤

ሰላምታዬ ከነክብሩ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የብርድ ሰሞን ሳልሽስ ለቀቀሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ።

የምጽፍልሽ ላመሰግንሽ ነው። ወደ ሎቬች፣ ወደ ትምህርት ቤታችን፣ መጥተሽ ራሳቸውን ስለሚጎዱ ልጆች ስታስተምሪን፣ ባልደረቦቼ «እኛ መምህራን እንጂ ሐኪሞች ነን እንዴ?» እያሉ አጉረመረሙ። ዝም ያሰኘኋቸው የቤተሰባችን ክብር ገዶኝ እንጂ ቃልሽ ገብቶኝ አልነበረም።

ማርች በገባበት ዕለት እንደ አገራችን ልማድ ለጸደይ መልካም ምኞት የሚታሠረውን ቀይና ነጭ ክር፣ ማርተኒጻውን፣ በተማሪዎቼ አንጓ ላይ ላሥር ቆምሁ። «እጅጌ ወደ ላይ!» ስል ሁሉም እየሳቁ ዘረጉ። ቢሴራ የምትባለው ብርቱ ተማሪዬ ግን እጆቿን ኪሷ ከተተች። አንዱ «ይተዉአት መምህር፤ ቢሴራ እጅ አትሰጥም!» ብሎ ተረባት።

ልቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር። ያን ጊዜ «እንዲገልጡ አታስገድዷቸው፤ መውጫ ስጧቸው» ማለትሽ ትዝ አለኝ። ክሩን ከኮቷ ቁልፍ ላይ አሥሬላት አለፍሁ።

ከደወሉ በኋላ ቀረች። «ይጀምሩታ መምህር፤ ሥጋ የእግዚአብሔር አደራ ነው ሊሉኝ አይደል?» አለችኝ። ዛሬ ስብከት የለም አልኋት። «አመመዎት እንዴ?» ብላ ሳቀች፤ ሳቋም ወደ ልቅሶ ተለወጠ። ራሷን እንደምትጎዳ ነገረችኝ። አሳዪኝም፣ ለምንም አላልኋት፤ «ስለ ነገርሽኝ አመሰግንሻለሁ» አልኋት እንጂ። ለማንም እንዳልናገር ስታስምለኝ ግን አልማልሁም፤ የማልጠብቀውን ቃል አልሰጥምና። «ብቻዬን አልይዘውም፤ አንቺ ሳታውቂ ግን አንዲት ቃል ከአፌ አትወጣም» አልኋት። «እርስዎም እንደ ሌሎቹ ነዎት!» ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ከበሩ ተመልሳ «እሺ፤ መጀመሪያ ለእናቴ። ግን አብረውኝ ይምጡ» አለችኝ።

አብረን ነገርናት። አሁን የምትረዳት ባለሙያ አለች። ድና ጨርሳለች ብዬ አልዋሽሽም፤ ሲከፋት ግን መጥታ በሬን ታንኳኳለች።

እናታችን የእኔን ክር አንጓዬ ላይ፣ የአንቺን ግን ሁልጊዜ ከኮትሽ ቁልፍ ላይ ታሥር እንደ ነበር ታስታውሻለሽ? ለአንቺ አድልታ መስሎኝ እቀና ነበር። ይህን ትምህርት ከየት እንዳገኘሽው አልጠይቅሽም። እርሷን ግን ዛሬ በጸሎቴ አመሰገንኋት፤ አንቺንም ስላቆየችልን።

እግዚአብሔር እጆችሽን ይባርክ፤ ዕድሜሽንም ያርዝም። የዘንድሮውን ክር በፖስታው ውስጥ ታገኚዋለሽ፤ ደስ ካለሽ ቦታ እሠሪው።

አክባሪሽ፣
ታላቅ ወንድምሽ