ስለ ጤና ባለሙያዋ ሀብትነሽ ድምፅ መዘጋት

ለተከበሩ የ«ቆላ ማዶ» የሬዲዮ ድራማ ዝግጅት ኃላፊ
ለአቶ ስንሻው
ሸሕዲ

ሙቀቱም ትንኙም ሳይደፍርዎ ከነቤተሰብዎ በሙሉ ጤና እንዲሰነብቱልኝ እመኛለሁ። እኔ ወባ ጥሎኝ ተኝቻለሁ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ድምፄ ስለተዘጋ ነው፤ ባይዘጋም ስልኬን እንደማያነሱት ስለማውቅ ብዙ አልቆጨኝም።

አንደኛ፣ ላመስግንዎ። ትኩሳት እያንቀጠቀጠኝ መሆኑን ባስታወቅሁዎ ጊዜ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ጤነኛ ሰው አያወጣውም ብለው የታመመችዋን ገጸ ባሕርይ በዚያው ዕለት አስቀረጹኝ። ማሚቶ እንዳይኖር በሰሊጥ ኬሻ በታጠረው መጋዘን፣ ቬንትሌተሩ ይጮኻል ተብሎ ጠፍቶ፣ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ማይኩ ይሰማዋል ብለው ተቆጡኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ከረሜላው። ጉሮሮዬ ደም ደም አለኝ፣ ከዚህ ድምፅ ሌላ እንጀራ የለኝም ብዬ ዕረፍት ብለምንዎ፣ የዝንጅብል ከረሜላ ልከውልኝ የድራማውን ጤና ባለሙያ የሀብትነሽንም ቃል አስቀረጹኝ። ሀብትነሽ በእኔው ድምፅ፣ ሰሊጥ ሊያጭዱ ከደጋ የወረዱትን ሳሉጎች «ትኩሳት ያላችሁ ሥራ አቁማችሁ ተመርመሩ፤ መድኃኒቱ በጤና ጣቢያው አለ» ብላ መከረች። ምክሯን እኔም ብሰማ በወደድኩ፤ ፈቃድዎ አልተገኘም።

ሦስተኛው ላይ ምስጋና አልመጣልኝም፣ ይቅር ይበሉኝ። ክፍሉ በሬዲዮ በተላለፈ በሁለተኛው ቀን ሰው ደግፎኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። በረንዳው አጨዳውን ጥለው በመጡ ሕሙማን ሞልቷል። በሰለለ ድምፄ የመጨረሻ ተራ የማን እንደሆነ ብጠይቅ፣ ማተቤ የሚባል ጎጃሜ ከተኛበት ቀና ብሎ «ሀብትነሽ መጥታለች፤ አሳልፏት!» አለ። ከአብደራፊ እርሻ ድረስ ያመጣው ይኸው ድምፅ ነው። መቆም ያቃታቸው ሰዎች ተንፏቀው መንገድ ለቀቁልኝ። መድኃኒት ይዤላቸው የመጣሁ መስሏቸው ነው እኮ።

ውስጥ ገብቼ ስመረመር ወባ ነው ተባልኩ፤ መድኃኒቱ ግን ካለቀ ሰንብቷል። ወጥቼ እውነቱን ልንገራቸው ብል ድምፅ የሚባል ከአፌ አልወጣም። በጓሮ በር ሹልክ አልኩ። አቶ ስንሻው፣ እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

አሁን ደግሞ ለቀጣዩ ክፍል ተነሺ ብለው ልከውብኛል፤ ሀብትነሽ ዛሬም «መድኃኒቱ አለ» ትላለች አሉ። ጌታዬ፣ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ፣ የሚተላለፈውን ያስቁሙልኝ። ከፈለጉ ያባርሩኝ፣ ድምፄም ባይመለስ ይቅር። በእኔ ድምፅ ተጠርቶ ሰው ደጅ ላይ እንዲሞት ግን አልፈልግም። ከዚህ በላይ ምን ብዬ ልለምንዎ?

ሕመሜን ለጥበብ ስላዋሉልኝ ከትራሴ ቀና ማለት እስከቻልኩበት ድረስ እጅ እየነሳሁ፣

የዘወትር ታዛዥዎ
ሩፊዳ ሳሊም

ማሳሰቢያ፦ ማተቤ አሁንም በረንዳው ላይ ተኝቶ ሀብትነሽን እየጠበቀ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ድርሰቱ የእርስዎ ነውና፣ እባክዎ ሄደው መቼ እንደምትመጣ ይንገሩት።