ከግድግዳው በኩል የመጣው ድምፅህ

ለጌታሁን፣ ለእኔው ነገረኛ፤

ከተለየኸን ይኸው ዓመት ሊሞላህ ነው። እንዴት ነህ አልልህም፤ ብትመልስልኝም መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ኮምፒውተርህ ነው።

አለልህ። ፎቶ ቤትህ ሲዘጋ አምጥተን ጤፉ ካለበት ክፍል ጣልነው። ቁራሌው እንኳ ገልብጦ አይቶት፣ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ሳይገዛው ሄደ። ትንሿ ልጃችን ሰብለ ግን ከቡሬ፣ ከዩኒቨርሲቲው መጥታ ሰርቨር አደርገዋለሁ አለች። ምንድን ነው ብላት፣ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ በቤቱ ላሉት ስልኮች ሁሉ ፎቶና ፊልም የሚያድል፣ ቀን ከሌት የማያርፍ አገልጋይ ነው አለችኝ። እሱማ እኔ አለሁ አይደል? አልኳት።

ሆዴን የበላኝ ሌላ ነበር። የፍኖተ ሰላምን ሙሽራ ሁሉ ስታነሣ ኖርክ፤ ለራስህ ግን አንድ ፊልም እንኳ የለህም። የቀረን ከካሜራው ጀርባ የምትጮኸው ድምፅህ ነው፣ እሱም እዚያ የኮምፒውተርህ ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑ ከሞተ ዳግመኛ ሞትክብን ማለት ነው።

ስንከፍተው አይጥ ጎጆ ቀልሳበታለች፣ ጤፍ አጭቃበታለች። ልጅህ አቧራውን በብስክሌት ጎማ መንፊያ ነፋችው፤ ማራገቢያውን በስፌት መኪናየ ዘይት አራሰችው። እግዚኦ!

የኮምፒውተሩ ስክሪን ስለተሰበረ ቴሌቪዥኑ ላይ ልሞክረው አለች። ቴሌቪዥኑን ደግሞ ካረፍክ ጀምሮ እናትህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ጨርቅ ደርበውበታል፤ ለቅሶ ቤት ዘፈን እንዳይሰማ። ከደምበጫ መጥተው እኛው ዘንድ ናቸው። እህል የሚቀምሱት በልመና ነው፤ ከሣቁማ ቆዩ። ማን ደፍሮ ያዞረዋል? ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለሱ ብለን እንደዞረ ከጀርባው ሰካነው። ድምፁን መቀነስ ያሰበ የለ!

ወዲያው አንዱ ፊልም ተከፍቶ ግድግዳው በከበሮ ተናጋ። አንተ ያነሣኸው የታላቋ ልጃችን ሠርግ ነው። ሰብለ ገመዱን ልትነቅል ስትንደፋደፍ ቀና ብል እናትህ በሩ ላይ ቆመዋል። አለቀልን አልኩ። ይኼኔ አንተ ከግድግዳው በኩል ጮህክ፤ እማየ፣ ነጠላሽን አስተካክይ! ማልቀስ ምንድን ነው? ሠርግ ነው እኮ! ፊልሜን አታበላሺብኝ!

እሳቸው እንደቆሙ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እሽ ልጄ፣ እሽ አሉ፣ ለቴሌቪዥኑ ጀርባ። ከዚያ ሣቁ ብልህ! ሣቃቸው ሳያልቅ ዕንባቸው መጣ፤ እኔና ሰብለም ተከተልን።

አሁን ሰርቨሩ ቁም ሣጥኑ ሥር ተቀምጦ ያጉረመርማል። ቴሌቪዥኑ እስከ ሙት ዓመትህ አይዞርም ብለዋል፤ በዚህ ንቅንቅ የለም። ማታ ራት ሲቀርብ ግን፣ እስቲ ያንን ልጅ አብሩልኝና ይቆጣኝ ይላሉ።

ትቆጣቸዋለህ። እሳቸውም ይበላሉ።

ናፍቀኸኛል፣ አንተ ሰውየ። መብራት እስካልሄደ ድረስ በዚህ ቤት ዝም አትልም።