ርካሹ መነጽር

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ከርመሃል? ሥራው፣ የከተማው አየር፣ የምትበላው እህል ተስማምቶሃል? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ዳገት ላይ ጉልበቴ ይለግማል እንጂ ዓይኔም እጄም ደህና ናቸው። ላሚቱ ወልዳለች፣ ጥጃዋ ሴት ናት። ገብሱ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ቆሞ እያየ መርቆልኝ ነው የሚሄደው። ሚስትህ ይማርሽም ደህና ናት። ስለ እሷ ወደ ኋላ እጽፍልሃለሁ።

ስልክ ትቼ በወረቀት የመጣሁብህ ስልክ ላይ ስለምትቸኩልብኝ ነው። እማዬ ሰው እየጠበቀኝ ነው ትላለህ፣ ከዚያ ድምፅህ ይጠፋል። ወረቀት ግን አይዘጋም። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኳት ፊደል በስተርጅና ጠቀመችኝ። የሚያደርስልህ ዲያቆን ሰይፈ ሥላሴ ነው። ታማኝ ልጅ ነው፣ የሰው ደብዳቤም አይከፍትም።

የላክኸው የጠመንጃ መነጽር ደርሶኛል። ነጋዴው ሁለት ዓይነት እንዳሳየህ፣ ውዱን አገላብጠህ አይተህ ዋጋው አይቀመስም ብለህ እንደመለስከው፣ ለዝንጀሮ ይሄ ይበቃል ብለህ ርካሹን እንደገዛህ ያመጣልኝ ሰው አንድ ሳያስቀር ነግሮኛል። እግዜር ይስጥልኝ። አንተ ለእናት ስትገዛ የሚበቃውን ነው የምትገዛው። ለይማርሽ ሐብል የገዛህ ዕለት ግን ባለሱቁን ከዚህ የተሻለ የለህም ወይ እያልክ ስታደርቀው አጠገብህ ቆሜ ነበር።

አባትህ ከአዳኞች ጋር ሲሠራ ትተውለት በሄዱት የአደን ጠመንጃ ላይ መነጽሩን የገጠመልኝ አለሜ ነው፤ ያ ወታደር የነበረው የሙጃው ሰው፣ የአባትህ የልብ ወዳጅ። እኔ መጀመሪያ ገልብጬ ልገጥመው ስል አይቶ ሳቀብኝ። ብሎኑን አጠበቀ፣ ቅል ድንጋይ ላይ አስቀመጠልኝና ተኩሺ አለኝ። እሱ አልተኮሰም። በዕርቁ ቀን ጠመንጃ ተሻግሬ ስለማልኩ በዚህ ቤት መሣሪያ ቃታ ላይ ጣቴን አላሳርፍም አለኝ። ስለ ብሎን ማጥበቅ ግን በመሐላው የተጠቀሰ ነገር የለም አለ። ሁለታችንም ሳቅን። አባትህ ከሞተ ወዲህ ከልቤ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

የመጀመሪያው ጥይት ቅሉን ሰነጠቀው። ልጄ ደህና ነገር ልኮልኛል ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ከዚያ በኋላ ግን ውስጡ ያለችው የመስቀል ምልክት መሃል ለመሃል እያረፈች ጥይቱ ወደ ቀኝ ይሸሻል። አለሜ ያስተካክላታል፤ ጠመንጃው ትከሻዬን በረገጠ ቁጥር መልሳ ትናጋለች። ማለዳ ጉም ከሸለቆው ሲነሳ መስታወቱን ከውስጥ በኩል ያልበዋል፣ ብጠርገው አይጠረግ። ሲመሽማ በባዶ ዓይኔ የማየው ሰው በሱ ሳየው ይጨልምብኛል። አለሜ ጦር ሜዳ ላይ ውዱን ዓይነት ያውቀዋል። ቢተኩሱበት ንቅንቅ አይልም፣ ጉም አይገባውም፣ ድንግዝግዝ ላይ እንኳ ከማዶ የቆመን ሰው ጢም ከነሽበቱ ያሳያል አለኝ። እንግዲያው የሚያስፈልገኝ እሱ ነው አልኩት። አለሜ ብሎን መፍቻውን ኪሱ ከቶ ወደ ሙጃ ሄደ።

መቼም ዕርቁን ካነሳሁ አይቀር ልጨርሰው። አማትህ አራጋው በቦይ ውኃ ጠብ አባትህን ገደለ። ሽማግሌዎቹና ካህናቱ ደም ይድረቅ ብለው ተሰበሰቡ። ለእኛ ከብት ተሰጠን፣ ይማርሽ ለአንተ ተዳረች፣ ጠመንጃው መሬት ላይ ተጋደመና የሁለቱ ወገን ወንዶች በተራ እየተሻገራችሁ ቂም ብይዝ ይዙርብኝ እያላችሁ ማላችሁ። አጎቶችህ እግራቸው እየከበዳቸው ተሻገሩ። አለሜ እያለቀሰ ተሻገረ። አንተ ዘለልክ፣ ልጄ። ከሴቶቹ ጋር ጥዱ ሥር ቆሜ አየሁህ። የአባትህ ተዝካር እንኳ ገና አልወጣም ነበር። ዓይንህ ማዶ የቆመችው ልጅ ላይ ነበር፣ ልብስህም አዲስ ነበር። ያን ዕለት እንደ ጠላሁህ ጠልቼህ አላውቅም።

እኔን ማንም ተሻገሪ አላለኝም። ሴት ጠመንጃ ትሻገር የሚል ደንብ የለም፤ ሴት አልቅሳ ይወጣላታል ብለው ነው መሰለኝ። ካህኑ መስቀል አሳለሙኝ፣ ተሳለምኩ። ከአፌ የወጣ ቃል የለም፤ የንስሐ አባቴን ብትጠይቃቸው ይህንኑ ይነግሩሃል። ስለዚህ እኔ ላይ የሚፈርስ መሐላ የለም። ሽማግሌዎቹ በሌላው ሁሉ ጠንቃቆች ነበሩ፣ የካሳውን ከብት ጥርስ ሳይቀር ከፍተው አይተዋል።

እንግዲህ ዝንጀሮ ልጠብቅ ብዬ ጠመንጃዬን ይዤ ማሳው ጥግ እውላለሁ። ለቀበሌውም ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ወረቀቱም የተስተካከለ ነው። ሰዉ ይስቅብኛል፣ ይሳቅ። ወደ ላሊበላ ገበያ የሚወርደው መንገድ ከሥሬ ነው፤ ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ቅዳሜ ወደ ማታ ገደማ በዚያ ያልፋል። አማትህም ያልፋል። ይማርሽ አብራው ናት፤ ቤት እስክትሠራላት አባቷ ዘንድ እንድትቆይ ያልካት አንተ ነህ። ሆዷ ገፍቷል፣ ነግራሃለች መቼም። መንገዱ ስለሚያዳልጥ አባቷ ክንዷን ይዞ ቀስ እያለ ነው የሚያወጣት። ልጁን የሚወድ ሰው ነው፣ ይህን አልክድም።

እሱ ነጭ ጋቢ፣ እሷ ነጭ ነጠላ። በላክኸው መነጽር ሳያቸው ሁለት ነጭ ነገር ነው የሚታየኝ፣ አንዳንዴም አንድ። የቱ እሱ፣ የትኛዋ እሷ እንደሆነች እስካሁን መለየት አልቻልኩም። ከተቀመጥኩበት ሆኜ ስመለከት እሷ ሁልጊዜ ከእሱ ወደ ቀኝ ናት።

ይማርሽን ጠልቻት አይደለም። ባለፈው እርጎ ይዛልኝ መጥታ፣ እግሬ አብጦ ስታየው ውኃ አሙቃ አጥባኝ፣ ጉልበቴን አሽታኝ ሄደች። እጇ ለስላሳ ነው። እማማ ነው የምትለኝ። ልጁ ወንድ ከሆነ በአባትህ ስም እንጥራው ብላ ጠየቀችኝ፣ እሺ አልኳት። ምንም ያደረገችኝ ክፉ ነገር የለም።

ስለ ውዱ መነጽር ዋጋ አትጨነቅ። ለደሙ ካሳ ከተሰጡን ከብቶች መሃል ቦቃዋን ጊደር ሸጬ ገንዘቡን በሰይፈ ሥላሴ ልኬልሃለሁ። ይበቃል፣ ይተርፋልም። በተረፈው ለሚወለደው ልጅ ልብስ ግዛበት።

ይህን ስታነብ ወደ ይማርሽ መደወል ያምርህ ይሆናል። ደውል፣ ሚስትህ ናት። ገበያ አትውጪ ስትላት ለምን ትልሃለች። ለእሷ የነገርካትን አባቷ ማታውኑ ይሰማዋል፣ ወንድሞቿም ይሰሙታል። ቂሙ ከእኛ ቤት ከተነሳ እነሱንም መሐላው አይዛቸውም። ደግሞ ሴት ላይ ጥይት ማባከን ነውር ስለሆነ እኔን ማንም አይነካኝም። የዚህ ቤት ወንድ አንተ ነህ። የምትሠራበትን ያውቁታል፤ አማትህ ራሱ መጥቶ ጎብኝቶህ የለ? ለአለሜ እንኳ ይህን አልነገርኩትም፤ ላንተ የምነግርህ ልጄ ስለሆንክ ነው።

ገብሱ ሊታጨድ ነው። ከታጨደ ወዲያ ጠመንጃ ይዤ እዚያ የምቀመጥበት ሰበብ የለኝም። ሰይፈ ሥላሴ እዚያ ብዙ አይቆይም፤ ሲመለስ ውዱን ላክልኝ። አደራ፣ ነጋዴው ሌላ እንዳያስይዝህ፣ ራስህ በዓይንህ እያየህበት ግዛው፤ ከሩቅ የሰው ፊት ይለይ እንደሆነ ሞክረው። እጅህ አልዘረጋ ካለም አልቀየምህም። አለሜ ርካሹን መልሺለት ብሎኝ ነበር፣ እንቢ አልኩት። ውዱ ካልመጣ የምሠራው በዚሁ ነው።

የላሊበላ ደብሮች ሁሉ ይጠብቁህ። የወጣህበት ይቅናህ፣ ጉልበትህን ያበርታው፣ ዘርህን ያብዛልህ። ለይማርሽ የምትልከው ሰላምታ ካለህ ጻፍልኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አያታለሁ።

የወለደችህ እናትህ