አምፑ አይላክም

ሰኞ ጠዋት፣ ሱቁ ከመከፈቱ በፊት

ይድረስ ለልጄ አባት፣ ባሕር ላይ ለሚዞረው፤

ደህና መሆንህን ስለማውቅ እንደምን ሰነበትክ እያልኩ ቀለም አልጨርስም። በቪዲዮ አይቼሃለሁ፤ ጉንጭህ ሞልቷል፣ ሸሚዝህም ተተኩሷል፤ ማን እንደተኮሰው አልጠየቅኩም። እኔ ደህና ነኝ። ልጅህም ደህና ናት፤ ረዝማለች፤ ትተኸው የሄድከውን ሹራብ ለብሳ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ እጅጌውንም መጠቅለል ትታለች።

የላክኸው የድምፅ መልእክት ደርሶኛል። መልሱን በድምፅ ያልላክሁልህ ጠባይህን ስለማውቅ ነው፤ የምልህን ትተህ "ይሄ ማይክ ቀጭን ነው" ትላለህ። ወረቀት ላይ የምታዞረው ቁልፍ የለም፤ እንዳለ ታነበዋለህ።

መልእክትህን ልድገምልህ፤ ምናልባት ስትናገር አልሰማኸው ይሆናል። "አምፔን ላኪልኝ። መርከቡ በሚቀጥለው ወር ትልቅ ወደብ ላይ ይቆማል፤ እዚያ እረከበዋለሁ። ያለ እሱ እኔ እኔ አይደለሁም። በደንብ አሽጊው፣ ቱቦዎቹ መስታወት ናቸው።" በቃ፣ ይኸው ነው። ለጊታርህ ድምፅ ማጉያ፣ ለእነዚያ አምፖል ለሚመስሉ ቱቦዎቹ ተጨንቀህ አሳሰብከኝ። የልጅህን ስም ግን ብፈልገው ብፈልገው አጣሁት፤ ደግሜ ሰማሁት፣ ደጋግሜ ሰማሁት፣ የለም።

የቪዲዮህ ነገር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የከተማው ጊታር ነካኪ ሁሉ ያየውን እኔ መጨረሻ ላይ ነው ያየሁት፤ ያሳየኝም ደንበኛ ነው። ለመንገደኞች በምትጫወትበት በመርከቡ አዳራሽ ወንበር ላይ ተቀምጠህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ፣ "ዲጂታል አምፕ ነፍስ የለውም፤ ባለ ቱቦው ግን ይተነፍሳል፣ ከሰው ጋር ያወራል" ትላለህ። ከዚያ ትጫወታለህ። ሰዉም ከሥር "ወይ ድምፅ! ቱቦ ማለት ይሄ ነው" እያለ ይጽፍልሃል። እግርህ ሥር ግን ያቺ አረንጓዴ መብራት ያላት ጥቁር ሣጥን ቁጭ ብላለች። እኔ እኮ በሙዚቃ መሣሪያ ሱቄ የምሸጣት ዕቃ ናት፤ መስኮቴ ላይ ደርድሬያታለሁ፤ ከሩቅ አውቃታለሁ። ዲጂታል ናት፤ የስንቱን አምፕ ድምፅ የምታስመስል፣ በአንድ እጅ የምትነሣ። በእሷ እየተጫወትክ እሷን ትሰድባለህ። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ማለት አንተ ነህ።

መርከብ ላይ ከባድ አምፕ አይጫንም፤ ክፍልህም እንደ ቁም ሣጥን ጠባብ ናት፤ ይሄ ይገባኛል። ያልገባኝ ለምን እንደምትዋሽ ነው። "የምጫወተው በዚች ሣጥን ነው፤ ድምፅዋም ያምራል፣ ወገቤንም ከሸክም አዳነችው" ብትል ማን ይቆጣህ ነበር? አንተ ግን ድሮም እውነቱ ቀላል ከሆነ አይጥምህም።

አንተ ስታወራ መከራውን የማየው እኔ ነኝ። ባለፈው አንድ የቤት ዕቃ ነጋዴ መጣ። በዕድሜ ይበልጥሃል፣ ጊታር በእጁ ነክቶ አያውቅም። ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን እጁን ወደኋላ አጣምሮ ሲዞር ቆየና ቀዩን አመለከተ።

"ያንን አውርጂልኝ።"

"እስቲ ይያዙት" አልኩት። "አንገቱ ለእጅዎ ይመች እንደሆነ ይዩት። ከበድ ይላል፤ ትከሻ ላይ ሲውል ያደክማል።"

"አያስፈልግም። ቀለሙ ከሶፋዬ ጋር ይገጥማል።"

እኔ እንግዲህ ጊታር እንደ መጋረጃ ሲመረጥ ማየት ለምጃለሁ። አምፕ ላይ ስንደርስ የት እንደሚጫወት ጠየቅኩት፤ "መኝታ ቤት" አለኝ። ለመኝታ ቤትማ ትንሿ ዲጂታል ትበቃዎታለች፤ ዝቅ ቢያደርጓትም ድምፅዋ አይበላሽም፣ ሄድፎንም ትቀበላለች፤ ባለ ቱቦው ካልጮኸ አያምርበትም፣ ሲጮህ ደግሞ ጎረቤት ያስነሣል ብዬ አስረዳሁት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ስልኩን አወጣና አንተን አሳየኝ።

"ይሄ ሰውዬ ነፍስ ያለው ግዙ ብሏል። ታውቂዋለሽ?"

"በመልክ" አልኩት።

በዚህ መሃል በጓዳው በር በኩል ያንተን አምፕ አየው። "ያኛውስ?" አለኝ። ተበላሽቷል አልኩት። "ይጠገናላ" ሲለኝ ባለቤቱም አብሮ ተበላሽቷል፣ አይጠገንም አልኩትና ከበሩ ፊት ቆምኩ። ሰውዬው ከሱቁ ትልቁን ባለ ቱቦ አስጭኖ ሄደ። ሳምንቱ ሳይሞላ ከነሚስቱ መልሶ አመጣው። ሚስቲቱ አምፑን በጣቷ አሳየችኝ፣ ቀጥላ ባሏን አሳየችኝ፤ ገባኝ። በትንሿ ዲጂታል ለወጥኩለት። ሲወጣ "ነፍሱ ግን ቀረ" ብሎ አዘነ። ሚስቱም "ያንተም እንዳይቀር ዝም በል" አለችው። እንዲህ ያሉትን ሰዎች የምትልክብኝ አንተ ነህ።

አምፕህ ስትሄድ ያስቀመጥክበት ነው ያለው፣ ጓዳው ውስጥ፣ የገመድ ሣጥኖቹ አጠገብ። ገመድ ላወጣ በገባሁ ቁጥር የእግሬን ጣት ይመታኛል፣ እኔም እረግመዋለሁ። ልጅህ ያኔ ላዩ ላይ ስትቀመጥ እግሯ ይንጠለጠል ነበር፤ አሁን መሬት ይነካል። እሑድ ሱቁ ሲዘጋ አብርታው እስኪሞቅ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ከሱቁ ጊታሮች አንዱን ሰክታ ትጫወታለች። በየቀኑ ትወለውለዋለች፤ ብርጭቆ እንኳ ላዩ ላይ አታስቀምጥም፣ እኔም እንዳስቀምጥ አትፈቅድም። ስለ አጨዋወቷ ሌላ ሰው ይንገርህ፤ እኔ እናቷ ነኝ፣ አልታመንም።

እና መልእክትህ ሲደርሰኝ ቆሽቴ አረረ። ስንት ጊዜ ዝም ብለህ ቆይተህ፣ አምፑን አሽጌ፣ ተሸካሚ ፈልጌ፣ ወደብ ለወደብ ላሳድድህ? ለልጅቷም አልነገርኳት፤ ምን ብዬ እነግራታለሁ? ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ነፍስ የለውም ባልከው በዲጂታሉ ልገላገልህ ወሰንኩ።

ፎቅ ላይ ቀረጻ ቤት ያለውን ፀጥታን አትረሳውም፤ ማይክ በከፈተ ቁጥር "ፀጥታ!" እያለ ስለሚጮህ ስሙን ያወጣህለት አንተ ነህ። የአምፕ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ አለው። እሱን ይዞ ወረደና ጓዳው ውስጥ ያንተን አምፕ አበራነው፤ እሱ ስፒከሩ ፊት ማይክ አቆመና መሣሪያውን ሰካ። መሣሪያው አንዴ እንደ ወፍ ይንጫጫል፣ አንዴ እንደ ዝናብ ይንሿሿል፣ አንዴ ያጓራል፤ የላከውን ድምፅ አምፑ አጉልቶ ሲመልስለት እያዳመጠ ጠባዩን ይማራል። ሻያችን ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ከዚያ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተቀመጥኩ፤ ፀጥታ አንዴ በአምፑ አንዴ በተቀዳው እያደረገ ተጫወተልኝ።

"የቱ ነው የእሱ?" አለኝ።

"ሁለተኛው" አልኩ ኮራ ብዬ። ሁለተኛው የተቀዳው ነበር።

ተለዋወጥን። እኔ የማውቃቸውን ጥቂት ኮርዶች ነካካሁለት። የትንኝ በረራ እሰማለሁ የሚለው ፀጥታም ተሳሳተ፤ ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ ተሳሳተ። ዕድሜ ልክህን የምትምልባት ነፍስ በስልክ የምትላክ ሆና ተገኘች። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ፤ እንዲያ ከሳቅኩ ቆይቼ ነበር። የተቀዳውን እልክልሃለሁ፣ በዚያችው ሣጥንህ ትከፍተዋለህ፣ አምፑን እሸጣለሁ፣ ጓዳዬም ይሰፋል ብዬ ጨረስኩት።

እየሳቅን ሳለ ልጅህ ከትምህርት ቤት ገባች።

"ምንድነው ይሄ ሁሉ ገመድ?"

"የአባትሽን አምፕ ድምፅ ቀድተን ነው" አልኳት። "ላኩልኝ ብሎ ነበር። ምን ያስፈልገዋል? ድምፁን በስልክ እንልክለታለን፤ ባለበት ሆኖ ያገኘዋል።" ደስ ይላታል ብዬ ነበር።

ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደችም። "ባለበት ሆኖ?" አለች።

"አዎ።"

"እንግዲያው ለምን ይመጣል?"

ፀጥታ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ።

"ሲሄድ እኮ ነግሮኛል፣ እማ። 'ጊታሩን ብወስደውም አምፑ እዚሁ ነው፤ ጊታር ተጫዋች አምፑን ጥሎ አይጠፋም' ብሎኛል።"

እኔ ይሄን ሰምቼው አላውቅም ነበር። እንዲህ ብለሃታል። ከባድ ስለሆነ ጥለኸው የሄድከውን ዕቃ ለልጅ መያዣ አድርገህ ሰጠሃት። እሷም መያዣዋን ጠበቀች፤ አቧራ እያራገፈች፣ ብርጭቆ እየከለከለች ጠበቀች። እኔ ሞኟ አምፑን የምትወደው መስሎኝ ነበር። አሁን የምጽፍልህን ሁሉ ስድብ እርሳው፤ ይህቺን ግን አትርሳት፣ በዚህች ነው የናቅኩህ።

እኔም ከንዴቴ የተነሣ ጨከንኩባት። "ላም አለኝ በሰማይ ነው ልጄ፤ ወተቷን አናይም። አባትሽ አይመጣም" አልኳት። አላለቀሰችም። ሄዳ አምፑ ላይ ተቀመጠች፣ ገና እንደሞቀ።

"አንቺስ?" አለችኝ።

"እኔ ምን?"

"ስንት ሰው ሽጪልኝ ብሎሻል። ለሁሉም ተበላሽቷል ትያለሽ። ምኑ ነው የተበላሸው?"

ፀጥታም እንደ ስሙ ሆነ። እኔ ሥራ አለብኝ ብዬ ወደ ፊት ሄድኩና ባንኮኒው ኋላ ቆምኩ። የጊታር ክር ስጪኝ ላለኝ ሰው የቤዝ ክር ጠቅልዬ ሰጠሁት፤ መንገድ ተሻግሮ ሄዶ ነው የተመለሰው።

ሱቁን ስዘጋ ፎቅ ወጣሁ። "ያንን የቀዳኸውን አጥፋው" አልኩት ፀጥታን።

"ምነው እትዬ? እንዲያ ደክመንበት፣ እንዲያ አምሮ?"

"አጥፋው አልኩህ።"

ዓይኔ እያየ አጠፋው። ወርጄ ለልጅህ ነገርኳት። እሺ አለች፤ ጨርቋን አንሥታ የአምፑን ፊት መወልወል ቀጠለች።

ስለዚህ አምፑ አይላክም። ድምፁም አይላክም። በሣጥንህ ተጫወት፤ ማንም አይለይብህም፣ እኔም ራሴ አልለየሁም። ሰው ፊትም አላዋርድህም፤ ደንበኞች ሲጠይቁኝ በመልክ አውቀዋለሁ ማለቴን እቀጥላለሁ። አምፑን ከፈለግኸው ግን ጓዳው ውስጥ ነው። እኔና ልጅህ ሞክረነዋል፣ ከመሬት ፈቀቅ አላለልንም። ተሸካሚ ብትልክ በሩን አልከፍትም። ራስህ መጥተህ፣ ልጅህ ስትጫወትበት ቁጭ ብለህ ሰምተህ፣ ከዚያ ከእሷ ጋር ተነጋገር። ልስጥህ ካለች ትሰጥሃለች፤ የእሷ ነው አሁን።

እንዳትሳሳት ደግሞ፤ እኔ ና አላልኩህም። የቁም ሣጥኑን ግማሽ ባዶ የተውኩት ብዙ ልብስ ስለሌለኝ ነው። የበሩን ቁልፍ ያልለወጥኩትም ቁልፍ ሠሪው ሰነፍ ስለሆነ ነው።

ባሕሩ ይርጋልህ። እግዜር ጣቶችህን ይጠብቅልህ፣ ምላስህን ይሰብስብልህ። ልጅህ ሰላም በዪልኝ አላለችም፤ ይህን እየጻፍኩ አጠገቤ መጥታ ለማን እንደሆነ አየችና ቀለሙ እንዳያልቅብኝ ሌላ እስክሪብቶ አስቀምጣልኝ ሄደች።

ከመጣህ ለአምፑ ብለህ ና። ለልጅቷ የነገርካት እንደዚያ ነው። እኔም ለማን ብለህ መጣህ ብዬ አልጠይቅህም።

በወረቀት አሁንም ሚስትህ የሆነችው