ለመኪና ሁሉ ጆሮ የሰጡት ባለቤቴ

ወዳጅ ዘመድ «ጆሮው» እያለ ይጠራቸው የነበሩት መካኒክ፣ ከወፍጮ ሠራተኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ከወፍጮ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ስለነበር፣ ወፍጮው ሲነሣ ይተኛሉ፣ ሲቆም ይነቃሉ ይባል ነበር። ገና በልጅነታቸው ቺንጋው ሊበጠስ ሲል ከአባታቸው ቀድመው «አባዬ፣ ደከመው» ይሉ እንደነበር የነገሩኝ አማቴ ናቸው። አማቴ በልጃቸው ነገር ትንሽ ያጋንኑ ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማር።

የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ «ባለቤታቸው» ይባላል እንጂ «እኔ» አይባልም ብላኛለች ልጄ። እሺ ብዬ ጀምሬ ነበር። ግን ከአርባ ዓመት በላይ አብሬያቸው የኖርኩት እኔ ሆኜ ሳለ የማላውቃት ሴት ትመስል «ባለቤታቸው» እያልኩ መጻፍ አልሆነልኝም። የሚያነብልኝ ታናሽ ወንድማቸው ነው። ወንድሜ፣ አደራህን፣ የማያስደስትህ ቦታ ስትደርስ ገጹን እንዳትገለብጥብኝ።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ሰፈር አጠናቀው፣ በሙያ ትምህርት ቤት በአውቶ መካኒክነት ከተመረቁ በኋላ በ1967 ዓ.ም. በከተማ አውቶቡስ ድርጅት ጋራዥ ተቀጠሩ። እኔ በዚያው ድርጅት ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። ቢሯችን ከጋራዡ በላይ ነው፤ የሚወጣው በብረት ደረጃ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ይወጣበታል፣ ይወርድበታል። እርሳቸው አውቶቡስ ሥር ተኝተው ከእግራቸው በቀር የሚታይ ነገር የላቸውም። እኔ ገና ደረጃውን ስረግጥ ግን ከዚያው ከሥር፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው ቀስ ያልሽው?» ይሉኝ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው ኮቴዬን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ተገኝቶ እንዴት እምቢ ይባላል? መልካቸውን አይደለም ያገባሁት፤ እንዲያውም ጥርሳቸው ወጣ ያለ ነበር።

በጥር ወር 1974 ዓ.ም. ተጋባን። የሙሽራ መኪና ሆና የመጣችው የአጎቴ አሮጌ መኪና ነች። ዳገቱን ስንጀምር ሾፌሩ ጋዝ ሲረግጥ ከሥራችን ዝርርር የሚል ድምፅ ተሰማ። እኔ በዚያች ሰዓት ስለ ወደፊት ኑሯችን እያወራኋቸው ነው። እጃቸውን አንሥተው፣ «ቆይ፣ አንድ ጊዜ ዝም በይ» አሉኝ። ከተጋባን በኋላ መጀመሪያ የሰማሁት ቃል ይኸው ነው። መኪናዋን አስቁመው፣ የሙሽራ ኮታቸውን ለእኔ አስይዘው ከሥር ገቡ። የጭስ ማውጫው መከለያ ብረት ላልቶ ኖሯል። በምን አሰሩት ብትሉ፣ የአበባዬ እቅፍ የተጠቀለለበትን ሽቦ ፈትተው ነው። አዳራሽ ስንደርስ እንግዳው ይህን ሰምቶ «እንዴት ያለ ባለሙያ ነው!» እያለ አጨበጨበላቸው። እኔ የተበተነ አበባ ታቅፌ ገባሁ፤ ለእኔ ማን ያጨብጭብ?

በ1976 ዓ.ም. ሴት ልጃችን፣ በ1980 ዓ.ም. ወንድ ልጃችን ተወለዱ። በ1985 ዓ.ም. ድርጅቱን ለቀው በቤታችን ጓሮ የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። የቆርቆሮ ጣራ፣ መኪና በላዩ የሚቆምበት ጉድጓድ፣ ግድግዳው ላይ በየመጠኑ የተሰቀለ መፍቻ፤ ይኸው ነበር። የኩሽናዬ መስኮት ፊት ለፊቱ ስለሆነ አንድም ነገር አያመልጠኝም ነበር።

«መኪናዬ ጋዝ ስሰጣት ትጮኻለች» ብሎ የመጣን ሰው በጥያቄ ያጣድፉታል። ቆማም ትጮኻለች ወይስ ስትሄድ ብቻ? ቆማ ጋዝ ሲረገጥ ከጮኸች ከሞተሩ ነው፤ ስትሄድ ብቻ ከሆነ ወደ ጎማውና ወደ ኩሽኔታው ይኬዳል። ዳገት ላይ ይብሳል? ሲዞርስ? ሞተሩ ሲሞቅ ነው ወይስ ገና ሲነሣ? ከዚያ የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ ያለውን ትዕግሥት ብታዩት! እኔ ራሴን አሞኝ ሳምንት ስተኛ «አይዞሽ» ብለው ነው ያለፉት። ዳገት ላይ ይብስብሻል ወይ፣ ስትዞሪስ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ቀናሁ። አዎ፣ በብረት ቀናሁ፤ አሁንም እቀናለሁ።

በ2001 ዓ.ም. የሙዚቃ መምህርቷ መጡ። ዛሬም እዚሁ ናቸው፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። አንቱ የምላቸው ለሥርዓቱ ብዬ ነው። ከልጆቼ ዕድሜ የምትበልጥ ሰማያዊ መኪና ነበረቻቸው። ሌላው ደንበኛ «ኳ ኳ ይላል» ከማለት በቀር የሚያውቀው የለም፤ እኚህ ግን ባለቤቴ ጆሮ ሥር ጠጋ ብለው «ጋዝ ስረግጥ እንዲህ ይላል» አሉና ድምፁን በአፋቸው አወጡት፤ ከታች ጀምሮ እየወፈረ፣ እየወፈረ፣ ሞተሩን ቁጭ አደረጉት። በመስኮት አየሁ። የባለቤቴ ጥርስ በሙሉ ወጥቷል።

ሰማያዊዋ መኪና ገባች፣ ወጣች። ተመልሳ ገባች። ጎረቤቴ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ «ይቺ መኪና እናንተ ጋ ተቀጠረች እንዴ?» ስትለኝ ስቄ አለፍኩ። የባለቤቴን ቱታ ማሽተት ጀመርኩ። ግሪስና ነዳጅ ብቻ ነው የሚሸተው። ሽቶ ቢሸት እንኳ ይቀለኝ ነበር፤ ቢያንስ የምይዘው ነገር አገኝ ነበር።

አንድ ቀን የዚያችው የጎረቤቴ የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ድምፅ አምጥታ ገባች። ባለቤቴ ለሙከራ ይዘዋት ሊወጡ ሲሉ፣ ከጎናቸው ማን ተቀምጦ ልይ? መምህርቷ! የራሳቸው መኪና ቢሆን እሺ፤ በዳቦ መኪና ውስጥ የሙዚቃ መምህርት ምን አገባት? የምልጠውን ድንች በእጄ እንደያዝኩ ወጥቼ፣ የኋላውን በር ከፍቼ በዳቦ ሣጥኖቹ መካከል ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ ዞር ብለው አዩኝ። «ንዳ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አልኳቸው። ነዱ።

ዳገቱ ሥር ስንደርስ ጋዝ ረገጡ። ከፊት፣ ከወለሉ ሥር፣ ደግ ደግ ደግ አለ፤ እኔ እንኳ ሰማሁት። መምህርቷ እጃቸውን ባለቤቴ ክንድ ላይ አድርገው፣ ድምፁ በሄደበት ልክ መታ መታ መታ አደረጉ። ጋዙ ሲለቀቅ እጃቸውን አነሡ። ሲረገጥ መልሰው አሳረፉ። ወይ ጉድ! በዓይኔ በብሌኑ፣ ከጀርባቸው ቁጭ ብዬ!

«እጅሽን ከባሌ ክንድ ላይ አንሺ!» አልኩ። መምህርቷ ደንግጠው አነሡ። ባለቤቴ ግን መንገድ መንገዱን እያዩ ይነዳሉ፤ የሆነ ነገር የተባለም አልመሰላቸው። «አንተን እኮ ነው! ጆሮ የለህም?» ብዬ ጮኽኩ።

መምህርቷ ወደ እኔ ዞሩ። ቀስ ብለው፣ «የላቸውም። አልነገሩዎትም እንዴ?» አሉኝ።

መኪናዋ ዳር ይዛ ቆመች። ነገሩ እንዲህ ኖሯል። በዚያ በአውቶቡስ ጋራዥ ከሚያገሣ ሞተር ጋር የኖረ ጆሮ ቀስ በቀስ አልቋል፤ ቀኙ ጭራሽ ጠፍቷል፣ ግራው አጠገቡ ተጠግተው ካልተናገሩት አይሰማም። የመምህርቷን መኪና «ድምፁ ጠፍቷል» ብለው ሲያስረክቡ ድምፁ አልጠፋም ነበር። በዚህ አወቁባቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ሰፈር ለሰፈር ባወራባቸው። እኚህ አላወሩም፤ ከክፍል ሲወጡ ብቅ እያሉ ለሌላው ሰው መኪና ሁሉ ጆሮ ሆኑላቸው። «ደግነት እኮ ነው» ይሉኛል ልጆቼ። ደግነት ነው፤ ማን ካደ? እኔ ግን ሌላ ሴት ይዘው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሌላ ሴት የያዘ ባል ስንት አለ! ለሚስቱ የሸሸገውን ጉድለት ለሌላ ሴት የገለጠ ግን የእኔው ብቻ ነው።

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?» አልኳቸው መንገድ ዳር ቆመን። «ጆሮዬን ወደሽ አገባሽኝ። ጆሮዬ ጠፋ ብዬ ልንገርሽ?» አሉኝ። እንባዬ መጣ፤ በመምህርቷ ፊት ግን ምን ቆርጦኝ! የዳቦ መኪናዋ ሕመም የሞተሩ መቀመጫ ጎማ ማለቅ ነበር፤ ጋዝ በተረገጠ ቁጥር ሞተሩ ብድግ እያለ የጭሱ ቧንቧ ከወለሉ ጋር ይጋጫል። ያንን በእጃቸው ዳሰው አገኙት።

በማግስቱ መምህርቷን አመስግኜ ሸኘኋቸውና የግቢውን በር ግጥም አድርጌ ዘጋሁት። «ከእንግዲህ ከጎንህ የምቀመጠው እኔ ነኝ» አልኳቸው ለባለቤቴ። ተቀመጥኩም። «ወፍራም ነው ቀጭን?» ይሉኛል። «ድምፅ ነው!» እላለሁ። «ከፊት ነው ከኋላ?» «ከመኪናው ነው!» አንድ ጊዜ ከማርሽ ሣጥኑ ነው ብዬ ስለማልኩ ቀኑን ሙሉ ማርሽ ሣጥን ሲፈቱ ዋሉ፤ ለካ ከወንበር ሥር የሚንከባለል የለስላሳ ጠርሙስ ነው። ከት ብለው ሳቁ እንጂ አልተቆጡም። መምህርቷን ጥሪልኝም አላሉም፤ ቢሉ ኖሮ ይህን የሕይወት ታሪክ ሌላ ሰው ይጽፈው ነበር። ቆይቶ ቆይቶ የሚያፏጭ ቺንጋና የሚያጉረመርም ኩሽኔታ መለየት ቻልኩ። ክንዳቸውን መታ መታ ማድረግም ለመድኩ። መታ መታውን ከመምህርቷ መማሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንድ ነገር ግን ከሆዴ አልወጣ አለ። መምህርቷ በአንዲት መኪና ያወቁትን እኔ በአንድ ገበታ እየበላሁ፣ በአንድ አልጋ እየተኛሁ እንዴት ሳላውቅ ቀረሁ? ሳወራቸው ይመልሱልኛል። ስቀልድ ይስቃሉ። ስቆጣ ያኮርፋሉ። ታዲያ እሷ ከእኔ አብልጣ ታውቃቸዋለች ማለት ነው? ይህን በየዓመቱ ጠየቅኳቸው። መልሳቸው «ተይው እባክሽ» ብቻ ነበር። እኔም ኩርፊያዬን ይዤ እተኛለሁ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ልባቸው ደክሞ በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። በመጨረሻም ሆስፒታል ገቡ። አንድ ከሰዓት መድኃኒት ልገዛ ወርጄ ስመለስ መምህርቷ ሊጠይቁ መጥተዋል። ግራ ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር ያወሯቸዋል፤ ባለቤቴም ይስቃሉ። እኔ ስፈልገው የከረምኩት ሳቅ ነው! በሽተኛ ፊት ጠብ ነውር ስለሆነ አበባቸውን ተቀብዬ ውሃ ውስጥ አድርጌ፣ እስከ ደረጃው ሸኝቼ ተመለስኩ። በሩን ዘጋሁት።

«ምን አለችህ?»

«እንጃ። አልሰማኋትም።»

«ታዲያ ምን ያስቅሃል?»

«ልትጠይቀኝ መጥታ ልኮሳተርባት?»

«የእኔንስ እንዴት ትሰማለህ?»

«ያንቺንም አልሰማም» አሉኝ። «ድምፅሽን ከሰማሁ ስንት ዘመኔ። አፍሽን እያየሁ ነው። የሌላ ሰው አፍ አይገባኝም፤ ያንቺን ግን ገና ሳትከፍቺው አውቀዋለሁ። እንዴት ሳላውቅ ቀረሁ ትዪኝ የለ? ለዚህ ነው። ካንቺ ጋር ጆሮ አላስፈለገኝም።»

እኔ ደግሞ ፊቴን ትክ ብለው የሚያዩኝ በእርጅና ፍቅር ጠንቶባቸው ይመስለኝ ነበር። ሆስፒታል ባይሆን እዘፍን ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ድምፅ ማውጣቱን ተውኩት፤ ፊታቸው ላይ ጎንበስ እላለሁ፣ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ፣ ይመልሱልኛል። ነርሶቹ ባልና ሚስቱ ተኳርፈዋል ብለው ሊያስታርቁን ሞከሩ። በመጨረሻዋ ቀን ጠዋት እንደዚሁ አንድ ነገር ነገርኳቸው፤ «እሺ» አሉኝ። ያልኳቸው ምን እንደሆነ እዚህ አይጻፍም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያሉትም እንዲያውቁት አልፈልግም።

ባለቤቴ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ አባት፣ የልጅ ልጆችም አያት ነበሩ። ከእነርሱ ሌላ ታናሽ ወንድማቸው፣ በየመንገዱ ያለ ድምፅ የሚሄድ መኪና ያላቸው ደንበኞቻቸውና እኔ ሚስታቸው በሐዘን ቀርተናል። «የቤተሰቡ ወዳጅ» ብለሽ መምህርቷን አስገቢ ብለውኛል ልጆቼ። ይኸው አስገብቻለሁ፤ ከሁሉም በኋላ።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ብርሃን በማይጠፋበት ያሳርፍልን። ጆሯቸውንም ይመልስላቸው ብዬ ልጸልይ ጀምሬ ነበር፤ ተውኩት። እኔ እስክመጣ ድረስ እንዳሉ ይቆዩልኝ።