ስጦታ ያወጣችው ሕግ

ዳባት፣ ጥቅምት 28 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለየኔሰው፤ መተማ ቆላ ድረስ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስህ። እኔና እኅትህ ስጦታ ደህና ነን። ከዚያው ቆላ ታሞ የመጣውን የወንድምህን የሻረውን ሙት ዓመት ለኪዳነምሕረት አውጥተናል።

ባለፈው ማክሰኞ ወላጆች ተጠርተን የስጦታ ክፍል ገብቼ ጉድ አየሁ። መምህርት ዕፀገነት ሥነ ምግባር ስታስተምር የክፍሉን ሕግ ልጆቹ ራሳቸው እንዲያወጡ ጠየቀቻቸው። ስጦታ ተነሥታ፣ «ከትምህርት የቀረ ልጅ ካለ ሁለት ልጆች ቤቱ ሄደው ይዩት» አለች።

ደርቤ የሚባል ተንኮለኛ፣ «ቤቱ ጊች ተራራ ላይ ቢሆንስ? በቅሎ ልትገዢልን ነው?» ብሎ ክፍሉን አሳቀው።

«በእግርህ ትሄዳለህ! የራቀ ልጅስ ሰው አይደለም?» አለችው።

መምህርቷ ግን፣ «ወረቀት ብንልክ ይበቃል» አለች። እጅ ሲቆጠር መምህርቷ ተሸነፈች። ፈገግ ብላ የስጦታን ሕግ ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። እኔ በአርጩሜ የተማርኩት፣ የሰባት ዓመት ልጅ መምህሯን ስትረታ አይቼ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ።

ቤት ስንገባ፣ «እማ፣ የኔሰው ከነሐሴ ወዲህ ደብዳቤ አልላከም። ቀርቷል ማለት ነው። ማን ሄዶ ይየው?» አለችኝ። አጎትህን ውዱን ጠርታ፣ እሱ ሄዶ እንዲያይህ እጅ አስወጣችን። ሦስታችንም አወጣን።

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ እሱ ነው። አጎበር ይዞልሃል፤ ሻረው እንዲህ ያለ አልነበረውም። ለመልሱም መንገድ የሁለት ሰው ስንቅ ቋጥሬለታለሁ።

እመቤቴ በጤና ታቆይህ።

እናትህ ሰብሌ